የጠመኔው መስመር

በጦር መርከቧ በምዋምባ መሰላል አናት ላይ፣ ወደ መርከቡ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሳያየው በማያልፍበት ቦታ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ አራት ምስማር አለ፤ በየምስማሩ ቁጥር የተቀረጸበት የናስ ቁራጭ ይንጠለጠላል። ከላይ በነጭ ቀለም «ያለ ጉድለት ያለፉ ቀናት» ይላል። በየማለዳው ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት ተረኛው ወታደር የትናንቱን ቁጥር አውርዶ የዛሬውን ይሰቅላል። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የነበረው ምስማር አንድ ብቻ ነበር። ሺህኛው ቀን የሞላ ዕለት አራተኛው ምስማር ተመታ፣ ሦስተኛው ዜሮ ተቀረጸ፣ ለመርከቡ ሰው ሁሉ ፍየል ታረደ። ይህ ታሪክ በሚጀምርበት ረቡዕ ቁጥሩ አንድ ሺህ አርባ ሦስት ደርሶ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ምዋምባ የሞምባሳ መሳቂያ ነበረች። የሌሎቹ መርከቦች ወታደሮች «የሊኮኒ ማሻገሪያ ጀልባ እንኳን ከእናንተ ቀድማ ትደርሳለች» እያሉ ያላግጡባታል። ግማሹ አምፖል አይበራም፣ ፓምፑ ሲፈልግ ይነሳል፣ ሰዉም እንደ ፓምፑ ነው። ከዚያ ኮሎኔል ምዋዲሜ መጡ። የታይታ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። አልጮሁም፣ ማንንም አላሰሩም። የእያንዳንዱን ወታደር ስም በሳምንት፣ የልጆቹን ስም በወር አወቁ። ምግብ ሲቀርብ የመጨረሻውን ሳህን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ኡጋሊው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ካለቀ የሚጾሙትም እሳቸው። ሰሌዳውንም በገዛ እጃቸው ሰቀሉት። የጉድለት ወረቀት የተጻፈ ዕለት ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሌላ ቅጣት የለም አሉ።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ መርከቡ ላይ ያለ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። «በዚህ መርከብ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።» ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ አለቃ የመጀመሪያውን መልስ አላመነም ማለት ነው ይላሉ፤ ያልታመነ ሰው ደግሞ መዋሸት ይማራል። ስለዚህ ኮሎኔሉ አንዴ ይጠይቃሉ፣ አንዴ ይመለስላቸዋል፣ «በቃኝ» ብለው ያልፋሉ። ይህች «በቃኝ» የምትባል ቃል ለሰዉ ከሽልማት በላይ ነበረች። ደግ አለቃ ከክፉ አለቃ የበለጠ እንደሚፈራ ግን ያኔ ማንም አላሰበም።

ሻምበል ባሻ ካሂንዲ የበሮቹ ኃላፊ ነው። የካሎሌኒ ሰው፣ ጎሳው ጊሪያማ፣ አርባ ስምንት ዓመቱ፤ ሃያ ሦስቱን ዓመት በመርከብ ያሳለፈ። ከውሃው ወለል በታች ያሉት ክፍሎች በወፍራም የብረት በር ይለያያሉ። አንዱ ክፍል ውሃ ቢሞላ ጎረቤቱ ደረቅ እንዲሆን ነው። በእያንዳንዱ በር ዙሪያ ጎሚኒ፣ ለስላሳ የጎማ ማሸጊያ፣ ተለብጧል፤ በሩ ሲዘጋና ስድስቱ መቀርቀሪያ ሲጠብቅ የደፉ ስል ከንፈር ጎሚኒው ውስጥ ይሰምጣል፣ ውሃም አያልፍም። የካሂንዲ ሥራ ይህ እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ማረጋገጫውም ጠመኔ ነው። የደፉን ከንፈር ጠመኔ ይቀባል፣ በሩን ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። ጎሚኒው ላይ ነጭ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ከታተመ በሩ ይይዛል። ከተቋረጠ አይዝም። ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም፤ ልጅም ያነበዋል።

ካሂንዲ ኮሎኔሉን ይወዳቸዋል። ባለፈው ዓመት እናቱ ስታርፍ መኪናቸውን አውራ መንገድ ላይ አቁመው፣ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው፣ ሰንበሌጥ ምንጣፍ ላይ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ሁለት ቀን ተቀምጠዋል። ይህን የሚያደርግ ኮሎኔል በካሎሌኒ ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሂንዲ ለእሳቸው ብሎ የማይገባበት እሳት አልነበረም፤ ጣጣውም ከዚሁ መጣ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ የዓመቱ ፈተና አንድ ቀን ሲቀረው፣ በር ሰባትን ፈተሸ። በር ሰባት የኋላውን ሞተር ክፍል ከጀነሬተር ክፍሉ የሚለየው በር ነው። ጠመኔውን ቀባ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። መስመሩ ከላይ ወረደ፣ ከማጠፊያው በታች ጠፋ፣ ስንዝር ያህል ርቆ ብቅ አለ፣ ግራው ማዕዘን ላይ እንደገና ጠፋ። በመዳፉ አብሶ ደገመው። ያው ነው። ያኔ ጎሚኒውን በጥፍሩ ቧጠጠው። ጥፍሩ ውስጥ ግራጫ ቀለም ገባ።

ወዲያው ገባው። ቅዳሜ ዕለት የመርከቡ ሰው በሙሉ ለፈተናው ቀለም ሲቀባ ነበር። ካሂንዲ ከሥሩ ለሚሠሩት ልጆች «ከዚህ በታች ዓይኔ ዝገት እንዳያይ» ብሎ አዘዛቸውና ወደ ላይ ወጣ። እነሱም ብረቱንም ጎሚኒውንም አንድ ላይ ለቀለቁት። ቀለም የጠጣ ጎሚኒ ይደርቃል፤ እንደ ልጥ ይሆናል። ደግሞ በሩ አምሮበታል! ከመርከቡ በሮች ሁሉ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው።

የጀነሬተር ክፍሉ ኃላፊ ኦንዲጎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ። ከኪሱሙ በኩል የመጣ የሐይቅ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ አሥራ አንድ ዓመት ተሰዳድበዋል። «እናንተ ጊሪያማዎች» ይለዋል ሁልጊዜ፣ «ባሕሩ ደጃችሁ ላይ ሆኖ ፍየል የምትጠብቁ ሰዎች፣ ማን ነው በር ያስጠበቃችሁ?» ካሂንዲም አያንስም፤ የሐይቅ ሰው ጨው የቀመሰው ወጥ ላይ ብቻ ነው ብሎ ይመልስለታል። ያን ቀን ግን ኦንዲጎ አልቀለደም። ጎሚኒውን አየ፣ የተቋረጠውን መስመር በጣቱ ተከተለ።

«ጻፈው» አለ። «አዲስ ጎሚኒ ዕቃ ግምጃ ቤት አለ።»

«ማጣበቂያው ለመድረቅ አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል። ፈተናው ነገ ጠዋት ነው።»

«ታዲያ በጉድለት እንፈተናለን። ሰውየው እንደሆኑ አይቆጡህም፤ አንተ ታውቃቸዋለህ።»

«ባይቆጡ ነው የከፋው» አለ ካሂንዲ።

ኦንዲጎ ትከሻውን ቸብ አድርጎት ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ይህ ክፍል የእሱና የሁለት ረዳት ልጆቹ ነው። ከበሩ ማዶ ውሃ ቢመጣ በበሩና በእነሱ መካከል ሌላ ነገር የለም። ያንን ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለዚህ አልተነጋገሩበትም።

ካሂንዲ ለመናገር ወጣ። እውነት ነው፣ ለመናገር ነበር የወጣው፤ የጉድለት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር። ኮሎኔሉ ክፍላቸው ውስጥ ደብዳቤ በእጃቸው እየጻፉ አገኛቸው። ቀና ብለው ሳቁ። ጊዜ አልሰጡትም። ዘንድሮ ዋንጫውን ካገኘን የምቀበለው እኔ አይደለሁም፣ አንተ ነህ አሉት። መርከብ ከታች ነው የሚጠበቀው፣ ከላይ አይደለም፤ አለቆቼ ይህን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ አሉ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ስለ በሮቹ አልጠይቅህም» አሉ። «እኔ ሌሊት የምተኛው በአንተ ነው። ምን ፈልገህ ነበር?»

ካሂንዲ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቱ ነካው።

«ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው፣ አፋንዴ» አለ፤ መርከቡ ላይ አለቃ የሚጠራው እንዲህ ነው።

«በቃኝ» አሉ ኮሎኔሉ እየሳቁ።

ሐሙስ ጠዋት ሰዉ ማሃምሪውን፣ የተጠበሰውን ዳቦ፣ በሻይ እየነከረ ሲበላ ካሂንዲ ብቻውን ወደ በር ሰባት ወረደ። ጠመኔውን በመዳፉ ፈጨው። ጣቱን ነካ እያደረገ መስመሩ በጠፋባቸው ቦታዎች ጎሚኒው ላይ ቀባ፤ ቀጭን፣ ጠርዙ ያልተዝረከረከ፣ ከእውነተኛው ጋር ገጥሞ የሚሄድ መስመር።  ሃያ ሦስት ዓመት እውነተኛ መስመር ሲያይ የኖረ ሰው የሐሰቱን ማስመሰል አይከብደውም።

የፈታኞቹ አለቃ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ኮሎኔል ነበሩ። በሩ ፊት ጎንበስ አሉ። ካሂንዲ እፊታቸው ከንፈሩን ጠመኔ ቀባ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ሽማግሌው መስመሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ኩል የተኳለ ነው የሚመስል» አሉ። ጎሚኒውን አስቀድመው በጨርቅ ቢያስጠርጉት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ግን እንዲህ የሚያብረቀርቅ በር ማን ጥረጉ ይላል? ወገባቸውን ይዘው ተነሱና አለፉ።

ምዋምባ ለሦስተኛ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደች። ካሂንዲ ወደቡ ላይ በሙዚቃ ታጅቦ ተቀበለው፤ ፎቶግራፍ ተነሳ። ፎቶግራፉ ላይ ሁሉም ሰው ይስቃል፣ እሱ ዋንጫውን እያየ ነው። ከሰዓት በኋላ ኦንዲጎ ማዳፉ፣ የለጋ ኮኮናት ውሃ፣ ገዝቶለት እየጠጡ ሳለ፣ ዝም ብሎ እንደ ዋዛ ጠየቀው፤ ያንን ጎሚኒ ቀየርከው ወይ?

«ቀየርኩት» አለ ካሂንዲ። ወረቀት ሳይጻፍ ጎሚኒው ከየት መጣ ብሎ ኦንዲጎ አልጠየቀውም፤ በዚህ መርከብ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።

ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው። ለኮሎኔሉ የዋሸው ስለወደዳቸው ነው ቢባል ይባላል። ለኦንዲጎ ለምን እንደዋሸ ግን ኋላም ሲጠይቁት መልስ አላገኘለትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይህኛው ደግሞ ወለምታ ብቻ አልነበረም።

እንደሚቀይረው ለራሱ ምሎ ነበር። ነገር ግን ግምጃ ቤቱ ያለ ጉድለት ወረቀት ጎሚኒ አይሰጥም። ወረቀቱ ቀን ይጻፍበታል። ቀኑን ያየ ሰው፣ ትናንት ኩል የመሰለ መስመር ዛሬ እንዴት ጠፋ ብሎ ይጠይቃል። ነገ እያለ ሦስት ቀን፣ ከነገ ወዲያ እያለ ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ቀለሙን በምላጭ ሊፍቀው ሞከረ፤ ቀለሙ ሲነሳ ጎሚኒውንም ይዞት ተነሳ። ግራው ማዕዘን ከቀድሞው ባሰ። በበነጋው ሰኞ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ሺህ አምሳ አምስት ሲል፣ መርከቧ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪዩንጋ እንድትወጣ ታዘዘች።

ከደቡብ የሚነፍሰው የኩሲ ነፋስ ወራት ነበር። ባሕሩ ከኋላ እየገፋ፣ መርከቧ ወገቧን እየጣለች ሄደች። ካሂንዲ በቀን ሦስት ጊዜ በር ሰባትን ይጎበኛል። እጁን ይጭንበታል፣ መቀርቀሪያውን ያጠብቃል፣ ይሄዳል። ኦንዲጎ ይስቅበታል፤ ሚስትህን እንዲህ ብትጎበኛት ኖሮ አሥር ትወልድልህ ነበር ይለዋል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሞተሩ ክፍል ወለል ላይ የተረፈ ማጠቢያ ውሃ ከማዕበሉ ጋር እየተላጋ በሩን መታው። ካሂንዲ በጀነሬተር ክፍሉ በኩል ቆሞ ነበር። ከግራው ማዕዘን ሦስት ጠብታ ወረደ። ኦንዲጎ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽኑን እያዳመጠ ነው። ካሂንዲ ጎንበስ ብሎ ጠብታዎቹን በእጅጌው ጠረጋቸው። መቀርቀሪያውን እንደገና አጥብቆ ወጣ።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ከላሙ በስተሰሜን ካሉት ደሴቶች አጠገብ ሲያልፉ፣ የኋላውን ሞተር የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ ቧንቧ ፈነዳ። እንደ ጭን የወፈረ ቧንቧ ነው። የሞተር ክፍሉ ሰዎች ውሃው ጉልበታቸው ሳይደርስ ወጡ። በሮቹ ተዘጉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ልክ በልምምዱ እንደሚደረገው ሆነ፤ ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልጮኸም። የሦስት ዋንጫ መርከብ ናት።

አሁን መርከቧ የቀራት አንድ የፊት ሞተር ነው። ነፋሱ ወደ ግራ፣ ነጭ አረፋ ወደሚታይበት አለት ይገፋታል። መሪውም ፓምፑም የሚሠሩት በኦንዲጎ ጀነሬተር ነው። ካሂንዲ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ከአደጋ መቆጣጠሪያው ስልክ አጠገብ ቆሟል። የሚቀጥለውን ያውቀዋል፤ መቶ ጊዜ ተለማምደውታል። በር ሰባት የሚይዝ ከሆነ ኦንዲጎና ልጆቹ እዚያው ይቆያሉ፣ መርከቧ በኃይሏ ከአለቱ ትርቃለች። የማይዝ ከሆነ ጀነሬተሩ ጠፍቶ ሰዎቹ ይወጣሉ፣ መልሕቅ ይጣላል፣ ከዚያ በኋላ እንደ እግዜር ፈቃድ ነው። ኮሎኔሉ የትኛውን እንደሚመርጡ የሚወስነው አንድ ሰው ነው።

ስልኩ ለሁሉም ክፍል ይሰማል። የኮሎኔሉ ድምፅ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ካሂንዲ፣ በር ሰባት?»

ሰዉ ሁሉ እየሰማ ነው። ለዋንጫው ያጨበጨበለት ሰው ሁሉ። አሁን ተናገር አለው ልቡ፤ እውነተኛ አንድ ቃል፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ምናልባት ይይዝ ይሆናል። ሦስት ጠብታ ነው። ሦስት ጠብታ ሰው አይገድልም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ያኔ አላስታወሰውም።

«ተዘግቷል፣ አፋንዴ። መስመሩ ሙሉ ነው።»

«በቃኝ። ኦንዲጎ፣ ባለህበት ቆይ። አርባ ደቂቃ መብራት ስጠኝ፣ ከዚህ አወጣችኋለሁ።»

«አርባ ብቻ? እስከ ምሳ ልስጥዎት እንጂ» አለ ኦንዲጎ፤ በስልኩ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሲስቅ ተሰማ።

ካሂንዲ ስልኩን ሰቀለ። ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆመ። ከዚያ የእንጨት ሽብልቅ የተሞላ ከረጢትና መዶሻ አንስቶ መሰላሉን ወረደ። አጠገቡ የነበረው ወታደር በሩ ደህና አይደለም እንዴ ሲለው እሱ ወርዶ ነበር።

ሲደርስ ሦስቱም በሩ ፊት ነበሩ። ውሃው ከግራው ማዕዘን፣ ከማጠፊያውም በታች ይረጫል። ስስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ እንደ ቢላ ይቆርጣል። ሌላ ቦታ አንዲት ጠብታ የለም፤ ካሂንዲ በጣቱ በሞላቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ። ኦንዲጎ ኮቱን አውልቆ ሊወትፈው እየታገለ ነበር። ካሂንዲን ሲያይ እጁን አቆመ። ወደ ጎሚኒው አየ፤ የተላጠውን ቀለም፣ የምላጩን ጭረት።

«ቀየርኩት ብለኸኝ ነበር» አለ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አንድ ሰው የገዛ ቤቱን በር ገፍቶ እንግዳ ሲያገኝ የሚናገረው ዓይነት ነበር። ካሂንዲ ሽብልቁን ስንጥቁ ላይ ደግኖ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ የደረቀው ጎሚኒ ተሰብሮ ወጣና እጁ ላይ ቀረ፤ በአንድ በኩል ግራጫ፣ በሌላው ጥቁር። ውሃው ስንዝር ሙሉ ከፈተ። ከማዶ ክፍሉ እየሞላ በሄደ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ከአሁን ወዲያ ይህን በር የሚያቆም ነገር የለም።

ስልኩን አነሳ።

«አፋንዴ፣ በር ሰባት አይዝም። መስመሩ ተቋርጧል። ከፈተናው በፊትም የተቋረጠ ነበር። በጣቴ ነው የሞላሁት።»

  ከዚያ ኮሎኔል ምዋዲሜ በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ከአፋቸው ያልሰማውን ነገር ተናገሩ።

«ድገምልኝ።»

ካሂንዲ ደገመው። የመርከቡ ሰው ሁሉ ሰማው።

«ኦንዲጎ፣ ሰዎችህን ይዘህ ውጣ። መልሕቅ ጣሉ።»

ነገር ግን ዝም ብሎ አይወጣም። ከግድግዳው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገና ጉልበቱን እንደያዘ ነው፤ ማከፋፈያው ሳይጠፋ ውሃው ከደረሰበት፣ ክፍሉም መሰላሉም ብረት ስለሆኑ ያለውን ሰው ሁሉ ይገድላል። አንድ ሰው ማጥፊያውን ማውረድ አለበት። ኦንዲጎ ልጆቹን በአንገታቸው ይዞ ወደ መሰላሉ ገፋቸው። ካሂንዲ እኔ ላጥፋው ብሎ ተራመደ። ኦንዲጎ ደረቱን በመዳፉ ያዘው።

«የእኔ ክፍል ነው» አለ። «ውጣ፣ ፍየል ጠባቂ።»

አሥራ አንድ ዓመት ሲለው የኖረው ነው፤ ሁልጊዜ እየሳቀ። ያን ጊዜ አልሳቀም። ካሂንዲ ወጣ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ከታች እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ተሰማና ሁሉም ነገር ጨለመ። ወዲያው የመልሕቁ ሰንሰለት እያጓራ ሲወርድ መርከቧ በሙሉ ተንቀጠቀጠች።

መልሕቁ ያዘ። የመርከቧ ኋላ ከአለቱ መቶ እርምጃ ሲቀረው ያዘ። ባትሪና ገመድ ይዘው ሲወርዱ ኦንዲጎን ማከፋፈያው ላይ እንደተደገፈ ሞቶ አገኙት፤ ውሃው ወገቡ ድረስ ነበር። ማጥፊያው ወርዷል። አውርዶታል፤ ውሃው ማከፋፈያው ላይ የደረሰው ግን በዚያችው ቅጽበት ነው። ኋላ ሰዓቱን ሲያሰሉ ከመጀመሪያው መልስ እስከ ሁለተኛው ስድስት ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው መልስ ጊዜ ማከፋፈያው ደረቅ ነበር፤ የክፍሉ ወለልም ደረቅ ነበር። ኦንዲጎ ማጥፊያውን በአንድ እጁ አውርዶ፣ ሻዩን በሌላው ይዞ መውጣት ይችል ነበር።

መርከቧን ጎትተው ሞምባሳ ለማስገባት ሦስት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ኮሎኔሉ ካሂንዲን አስጠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ ምንም ወረቀት አልነበረም። በእነዚያ ቀናት ፊታቸው ጠውልጎ ነበር።

«ያን ረቡዕ ሰላም ልትለኝ አልነበረም የመጣኸው» አሉ።

«አልነበረም፣ አፋንዴ።»

«ብትነግረኝ ምን አደርግህ ነበር?»

«ምንም። ምንም አይሉኝም ነበር። ትከሻዬን መታ አድርገው ወጥተው ቁጥሩን በገዛ እጅዎ ያወርዱት ነበር። እሱን ቆሜ ማየት አልቻልኩም።»

 ሰሌዳውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ አሉ ኮሎኔሉ፤ ለመርማሪዎቹም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ አሉ። ካሂንዲ ቢሰድቡት በወደደ ነበር። በጥፊ ቢመቱት በወደደ ነበር። ወጥቶ የመርከቡ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ትልቅ ሰው ሳለ፣ በሰው ፊት አለቀሰ።

ወደቡ ሲገቡ ማለዳ ነበር። የኦንዲጎ የሬሳ ሳጥን በስድስት ሰው ትከሻ ወረደ። ታች ሁለት የወታደር ፖሊሶች ካሂንዲን ይጠብቃሉ፤ አልቸኮሉም፣ እሱም አልሸሸም። ሻንጣውን ይዞ መሰላሉ አናት ላይ ሲደርስ ተረኛውን ወታደር ሰሌዳው ፊት ተገትሮ አገኘው። ሰሌዳው ላይ አሁንም አንድ ሺህ አምሳ ስምንት ይላል። አደጋው ከደረሰ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ወታደሩ የቁጥሮቹን ሳጥን ይዞ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ቀን በሥራ መመሪያው ላይ አልተጻፈም።

ካሂንዲ ሻንጣውን አስቀመጠ። አራቱን ናስ አንድ በአንድ አውርዶ ሳጥኑ ውስጥ ጨመራቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ዜሮ ፈልጎ ሰቀለ፤ ሁለተኛ ሰቀለ፤ ሦስተኛ ሰቀለ። ሳጥኑን ገለበጠው። ሌላ ዜሮ የለም። ለሺህኛው ቀን ሦስት ዜሮ በቅቶ ነበር፤ አራተኛ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ መርከብ ላይ አልነበረም።

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጠመኔው እዚያው ነበር፤ ሁልጊዜም እዚያው ነው። በመዳፉ ፈጨው፣ ጣቱን ነከረ፣ ባዶው ምስማር ሥር ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ክብ ሠራ።  ክቡ ተጣመመ፣ ግን ጫፍና ጫፉ ገጠመ።

«ዜሮ ነው፣ አፋንዴ?» አለ ወታደሩ።

«ዜሮ ነው።»

ወታደሩ ሰሌዳውን አየ፣ ካሂንዲን አየና ሁለተኛ ጊዜ ጠየቀው። ካሂንዲም ደግሞ መለሰለት።